ታረቁ አትበል፣ ተሳሳሙ በል

ሐምሌ 8፣ 2010 እሁድ ነበር። ሚሊኒየም አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኢሳያስ አፈወርቂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሕዝቡን ያያሉ። ዐቢይ አሕመድ አጠገባቸው ናቸው። እኛ ካዛንችስ፣ እናቴ ቤት፣ ቴሌቪዥኑን ከፍተን ድምፁን ዘግተነዋል። እናቴ አሥመራ ልትደውል ነው።

ያቺ ስልክ አሥር ደቂቃ አልሞላችም። ግን እስካሁን ታብሰለስለኛለች። ስለ ሁለቱ መንግሥታት ብዙ ትንታኔ ሰምቻለሁ፤ አንዳንዱን ራሴም ጓደኞቼ ላይ ደስኩሬበታለሁ። ሁሉም ተደምሮ አንዲት አሮጊት በዚያ ስልክ የነገረችኝን ያህል አልጠቀመኝም።

እትዬ ነበር የምንላት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ነበረች። ቁጥሯን ያገኘነው ስዊድን ከሚኖር ልጇ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአዲስ አበባ አሥመራ በቀጥታ መደወል አይቻልም ነበር። የቸገረው ሰው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይለምናል፤ ዘመድየው ሁለት ስልክ ይዞ የአንዱን አፍ ከአንዱ ጆሮ ያጋጥማል። በዚያ ሰሞን ግን መስመሩ ተከፈተ። ሰው የማያውቀውን ቁጥር ሁሉ እየመታ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር እንኳን ደስ አለን ይባባል ነበር።

00291 ብዬ ስጀምርላት እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። እንግዳ በር ላይ የቆመ ይመስል። ጠራ። ደግሞ ጠራ።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?"

"እኔ ነኝ።"

ከዚያ ዝም። ሁለቱም ዝም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን አየሁት፤ ሰከንዱ ይቆጥራል። እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ለብዙ ዓመት ስታዘጋጀው የኖረችውንም ተናገረች።

"አንቺ፣ የዕድር ዕዳ አለብሽ።"

ወዲያ ማዶ ሳቅ ተሰማ። የማውቀው ሳቅ፤ ድሮ በግድግዳው ያልፍ የነበረው።

የዕድሩ ደብተር

እትዬን የወሰዷት በ1991 ጥር ላይ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ፖሊስ መጣ። አንድ ሻንጣ ፈቀዱላት። በአውቶቡስ፣ በቡሬ በኩል ወደ አሰብ። በዚያ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ከኢትዮጵያ የተባረሩት የኤርትራ ተወላጆች 75 ሺህ ገደማ ናቸው። ከዚያኛው ወገንም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ንብረታቸውን ጥለው መጥተዋል። መለስ ዜናዊ በሬዲዮ የተናገሩትን በዚያ ዘመን የነበረ ሰው አይረሳውም፤ የዓይናቸው ቀለም ካላማረን እንኳ ውጡ ማለት እንችላለን፣ ነበር መልእክቱ። እኔ ያኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በወሩ ዘመቻ ፀሐይ ግባት ባድመን አስለቀቀ። ወጥቼ ጨፈርኩ። አዎ፣ የእትዬ በር በታሸገ በወሩ፣ በዚያው በር ላይ አልፌ ሄጄ ጨፈርኩ።

እናቴ አልጨፈረችም፤ አልተቃወመችም ደግሞ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ወደ ዕድር ስትሄድ የሁለት ሰው መዋጮ ይዛ ሄደች። የእትዬ ትንሿ የመዋጮ ደብተር እኛ ቤት ቀርታ ነበር። ጸሐፊው "የሌለ ሰው አይመዘገብም" አላት። እናቴ የመለሰችው ሰፈር ውስጥ ተረት ሆኖ ቀርቷል፤ "ሞታ እንደሆነ ጥሩምባ ንፉ። ካልሞተች መዝግቡ።"

መዘገቡ። መጀመሪያ "ለሁለት ሦስት ወር ነው" ትል ነበር። ከዚያ ለምን እንደምትከፍል መናገሩን ተወችው። መዋጮው ከ5 ብር ተነስቶ 20፣ ከዚያ 50 ሲገባ እንኳ አልተወችም። እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ አንድ ቀን "እማዬ፣ ይቺ ነገር ትርጉም አላት?" ብያታለሁ። "አንተ ለዲ ኤስ ቲቪ ስንት ነው የምትከፍለው?" አለችኝ። ዘጋሁ።

ሌላው ሂሳብ

እናቴ በዚህ ደብተር ላይ ስትፈርም ሄግ ላይ ደግሞ ሌላ ደብተር ይጻፍ ነበር። ታኅሣሥ 3፣ 1993 አልጀርስ ላይ ሁለቱ መሪዎች ፈረሙ፤ ድንበሩን የሚበይን አንድ ኮሚሽን፣ ካሳውን የሚያሰላ ሌላ ኮሚሽን ተቋቋመ። የካሳው ኮሚሽን በ2001 ነሐሴ ሂሳቡን ዘጋ። ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ቢቻቻል ልዩነቱ 10 ሚሊዮን ቢሆን ነው። ያ ሁሉ ምሽግ፣ ያ ሁሉ ሬሳ፣ ያ ሁሉ ስደት ተጨምቆ። ሁለቱም ድርቅ ላይ ሆነው፣ አንዱ ሱ-27 ሌላው ሚግ-29 የገዙት እኮ ከአንድ አገር፣ ከሩሲያ ነው። ሻጩ በሁለቱም በኩል ሰላምታ ያገኛል።

የድንበሩ ብይን ግን ከዚህ የባሰ ያስቃል። ሚያዝያ 5፣ 1994 ብይኑ ወጣ። ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ማታ ዜና ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ መወሰኗን አበሰሩን። ካምፓሱ በጭፈራ ተናጠ። አሥመራም በዚያው ሰሞን አሸንፈናል ትል ነበር። አንድ ብይን፣ ሁለት አሸናፊ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ መስመሩን በነጥብና በቁጥር ነው ያስቀመጠው። ባድመ የት እንደወደቀች ለማወቅ ቁጥሩን ካርታ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ያ እስኪሆን ድረስ ሁሉም ለራሱ ሕዝብ የፈለገውን አነበበ። ነጥቡ ካርታው ላይ ሲያርፍ ባድመ ኤርትራ ውስጥ ሆና ተገኘች።

ለሁለተኛ ጊዜ በውሸት መጨፈሬ ነው። ያኔ ነበር ልነቃ የሚገባኝ።

ለምን እንደዋሹን አሁን ይገባኛል። የአዲስ አበባው መንግሥት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ራሱ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ከሕወሓት ክፍፍል ሰበቦች አንዱ ጦርነቱ የቆመበት መንገድ ነው። ያን ሁሉ ወጣት ከቀበርክ በኋላ "ቦታዋ የነሱ ሆናለች" ብለህ እንዴት ትነግራለህ? አሥመራም ያው ናት። ጦርነቱን ለምን እንደገባንበት ይጣራ፣ ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ ይዋል ያሉ 15 ባለሥልጣናት ተነሱ፤ በመስከረም 1994 አሥራ አንዱ ታሰሩ። የግል ጋዜጦች በዚያው ሰሞን ተዘጉ። የታሰሩት እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። 18 ወር የተባለው ብሔራዊ አገልግሎት ማለቂያው ጠፋ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ድንበሩ አልተሰመረም፣ ጠላት በር ላይ ነው።

እዚህ ደግሞ በ1997 ኅዳር "በመርህ ደረጃ ተቀብለናል" ተባለ። ይቺ "በመርህ ደረጃ" ሰፈር ውስጥ ቀልድ ሆና ነበር። ብር የተበደረ ሁሉ በመርህ ደረጃ እከፍላለሁ ይል ነበር። መሬት ላይ ድንጋይ መትከል ስላልተቻለ የድንበር ኮሚሽኑ በ2000 ኅዳር መስመሩን በካርታ ላይ ብቻ አስምሮ ሥራውን ጨረሰ። ከዚያ ሁለቱን ጦር ለመለየት በተከለለው የ25 ኪሎ ሜትር ቀጠና ውስጥ የነበሩት የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች አሥመራ ነዳጅ ስትከለክላቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ጦርነት የለም፣ ሰላም የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ሁኔታ ሁለቱንም አልጎዳቸውም። መንግሥታቱን ማለቴ ነው። እዚህ የተቃወመ ሁሉ "የሻዕቢያ ተላላኪ" ይባላል፤ እዚያ የጠየቀ ሁሉ "የወያኔ ተላላኪ" ነው። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ።

ድንጋይ ያልተተከለበት እርቅ

ወደ ስልኩ ልመለስ።

እናቴ ስልኩን ሰጠችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለቱ ሰዎች ተቃቅፈዋል። እኔም እንደ አገሩ ሁሉ ሰክሬያለሁ። የሁለቱ ፎቶ ያለበት ቲሸርት ለብሼ ነበር፤ መቶ ብር ነው የገዛሁት።

"እትዬ! ታረቁ እኮ! እያየሽ ነው?"

"እያየሁ ነው።"

"በቃ ትመጫለሻ!"

"እመጣለሁ። ሰዎቹ ሳይጣሉ እመጣለሁ።"

"አይ እትዬ፣ አሁንማ ታረቁ እያልኩሽ!"

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ልጅ ሆኜ ጫማዬን አገላብጬ ሳደርግ እንደምትናገረኝ ዓይነት፣ ቀስ ብላ፤ "ታረቁ አትበል፣ ልጄ። ተሳሳሙ በል።"

ደስ አላለኝም። በሆዴ ሟርተኛ አልኳት። ሦስት ቀን ቆይቶ የመጀመሪያው በረራ ሲነሳ መንገደኛው ከመብዛቱ የተነሳ ሁለት አውሮፕላን ተከታትሎ ሄደ። አሥመራ አውሮፕላን ማረፊያ መሬቱን የሚስሙትን፣ ሃያ ዓመት ያላያቸውን ልጆቹን አቅፎ የሚንሰቀሰቀውን አባት አየን። ይሄ ካልታረቁ ምንድን ነው ታዲያ?

መልሱን ያገኘሁት ቆይቼ ነው፤ እዚያው ሰፈራችን ውስጥ። አጥር ገፍተሃል አልገፋሁም ተባብለው የተጣሉ ሁለት አባወራዎች ነበሩን። ሽማግሌ ሦስት እሁድ ተመላለሰ። ሜትር ተዘረጋ። ዋስ ተጠራ። ማን ምን እንደተበደለ ሰው በተሰበሰበበት ተነገረ፤ አንደኛው ሰውዬ፣ ያ ደረቅ ሰውዬ፣ አለቀሰ። መጨረሻ ላይ አጥሩ ጥግ ድንጋይ ተተከለ። መሳሳም የመጣው ከድንጋዩ በኋላ ነው።

እነዚያ ደግሞ በመሳሳም ጀመሩ። ሐምሌ 2 አሥመራ ላይ የተፈረመው መግለጫ አምስት ነጥብ ነው። አንድ ገጽ። የድንበሩ ብይን ተግባራዊ ይሆናል ይላል፤ መቼ፣ በማን፣ እንዴት አይልም። መስከረም ላይ ጅዳ የተፈረመው ሰባት አንቀጽ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ለአጥሩ ከዚያ የበለጠ ወረቀት ጨርሰዋል። ስለተባረሩት ሰዎች ቤት የተነሳ ነገር የለም። ስለተቀበሩት የተነሳ ነገር የለም። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት ማለት ይሄ ነው።

ደግሞም ሁለቱ ሰዎች የተሳሳሙበት ምክንያት ከድንበሩ ይልቅ ወደ ቤታቸው ይጠጋል። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ከቀድሞዎቹ አለቆች ጋር ትግል ላይ ነበሩ፤ የቀድሞዎቹ አለቆች ምሽግ ደግሞ ትግራይ ነው። የኢሳያስም ጠላት እዚያው ነው። በመሐል ያለውን ሰው የሚጠሉ ሁለት ጎረቤቶች በሱ አናት ላይ ተጨባበጡ። ይህን የምለው ዛሬ ላይ ቆሜ ነው። ያኔ ያለ ሰው ቢነግረኝ ቲሸርቱን አውልቄ በሱ አፉን እይዘው ነበር።

"አለሁ"

እትዬ በ2011 ጥቅምት መጨረሻ መጣች። በመሬት፣ በዛላምበሳ። መስከረም 1 ሁለቱ መሪዎች ራሳቸው ተገኝተው የከፈቱት በር ነው። ፓስፖርት የለም፣ ጉምሩክ የለም፣ ብርና ናቅፋ በመንገድ ዳር ዋጋ ይመነዘራሉ። ጤፍና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ወደዚያ፣ ሰው ወደዚህ። እሷ አዲግራት አድራ፣ መቀሌ አድራ መጣች። ቀጥናለች። ሳቋ ያው ነው።

ድሮ ቤቷ በር ላይ ቆማ "ቀለም ቀብተውታል" አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ሰዎቹ ቡና ጠጪ ሲሏት እሺ አላለችም።

እሁድ ከእናቴ ጋር ዕድር ሄዱ። እኔም ተከተልኩ፤ ሥራዬ ሆኖ አያውቅም ነበር። ጸሐፊው ያው ሰውዬ ነው፤ አርጅቷል፤ መነጽሩ ወፍሯል። ስም ይጠራል፣ ሰው "አለሁ" ይላል፣ መዋጮ ይቀመጣል። የእትዬ ስም ጋ ሲደርስ ልማዱ ነውና ቀና ሳይል የእናቴን እጅ ጠበቀ። "አለሁ" የሚል ድምፅ መጣ። እስክሪብቶው ቆመ። መነጽሩን አወለቀ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሴቶች እልል አሉ፤ እሷ ከቦርሳዋ 50 ብር አውጥታ ቆጥራ አስቀመጠች። "ይቺን ወር እንኳ ራሴ ልክፈል" አለች።

ኅዳር 5 ማታ የተባበሩት መንግሥታት በኤርትራ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ማንሳቱን ዜናው ተናገረ። 2002 ላይ የተጣለ ማዕቀብ ነው። እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እትዬ እጇን ያዘቻት። "እንግዲህ የሚፈልገውን አገኘ" አለች። በነጋታው ሻንጣዋን አነሳች።

ሁላችንም ተነሳንባት። ገናን ዋዪ፣ ጥምቀትን እዪ፣ ምን ያስቸኩልሻል? እናቴ አኮረፈች። እሷ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ሳቀችና ሄደች። መነሃሪያ የሸኘኋት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ ላይ የዛላምበሳው በር ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ የነገረን የለም። የቡሬውም፣ በኋላ የተከፈተው የኦምሐጀሩም ሚያዝያ ላይ ተዘጉ። ያኔም የነገረን የለም። በር የሚከፈተው በባንድ ነው፤ ሲዘጋ ግን ጥበቃው ብቻ ነው የሚያውቀው። መስከረም 30፣ 2012 ጠቅላይ ሚኒስትሩ የኖቤል የሰላም ሽልማት ማሸነፋቸው ሲሰማ አንዱም የድንበር በር ክፍት አልነበረም። ይህን ለእናቴ ስነግራት "ታዲያ ሽልማቱን በምን በኩል ይልኩላታል?" አለችኝ። ለእትዬ ማለቷ ነው።

ስለ አየሩ

ጥቅምት 2013 የሆነውን ታውቁታላችሁ። የኤርትራ ጦር ትግራይ ገባ፤ መንግሥታችን ለወራት የለም አለ፤ ከዚያ አለ አለ። እትዬ ያደረችበት አዲግራት፣ የተሻገረችበት ዛላምበሳ የጦር ሜዳ ሆኑ። አንድ የልጅ ልጇ ሳዋ ነበር። 12ኛ ክፍልን እዚያ፣ ወታደር ካምፕ ነው የሚጨርሱት። የት እንደተላከ አልጠየቅናትም፤ እሷም አልነገረችንም። በዚያ ሁለት ዓመት ስንደዋወል ስለ አየሩ ነበር የምናወራው። "አሥመራ ዝናብ አለ?" "ትንሽ አካፍቷል።" በረጅሙ ትተነፍሳለች። "እናንተ ጋስ?" "ፀሐይ ነው።"

ጥቅምት 23፣ 2015 ፕሪቶሪያ ላይ መንግሥትና ሕወሓት ስምምነት ተፈራረሙ። አሥመራ ጠረጴዛው ላይ አልነበረችም። ከዚያ ጓደኛና ጠላት ቦታ ተቀያየሩ። በዓመቱ፣ በ2016 ጥቅምት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር ተናገሩ። አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ የባሕር በር ጥያቄ የምር ጥያቄ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ከ90 በመቶ በላይ ንግዱን በአንድ የጅቡቲ ወደብ ላይ አንጠልጥሎ መኖሩ ያስጨንቃል። እኔን የሚከነክነኝ የሚነሳበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰሞን አማራ ክልል ውስጥ ውጊያ ነበር፤ ሽንኩርት ሰማይ ነክቷል፤ ድንገት አሰብ። ማዶም እንደዚያው ነው። "ሊወሩን ነው" የሚል ወሬ ሲነሳ ልጄ ከሳዋ መቼ ይመለሳል የሚል ጥያቄ ይሞታል። በ2017 ደግሞ ትናንት ሲተራረዱ የነበሩት የሕወሓት አንድ ክንፍና ሻዕቢያ "ጽምዶ"፣ ጥምረት እንደማለት፣ ተባብለው ተጠጋጉ። እነሱም ተሳሳሙ እንግዲህ።

ነሐሴ 28፣ 2016 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአሥመራ በረራውን አቆመ። በተከታዩ መኸር ካዛንችስ ፈረሰ።

ሰፈሩ ሲፈርስ ዕድሩም ፈረሰ። ሰው ተበተነ፤ እኛም ለቀቅን። ጸሐፊው የቀረውን ገንዘብ ለአባላቱ አካፈለ። የእትዬን ድርሻ ለብቻ ፖስታ ውስጥ አድርጎ፣ ስሟን በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ለእናቴ ሰጣት። ፖስታው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። በዱባይ የሚያልፍ ሰው እየፈለግን ነው። የእትዬ ስልክ ከጠራ ቆይቷል፤ ልጇ ደህና ናት ይላል።

ባለፈው ወር እናቴን አዲሱ ኮንዶሚኒየም ዕድር ላስመዘግባት ወሰድኳት። መዝጋቢዋ ወጣት ልጅ ናት፤ በላፕቶፕ ነው የምትጽፈው። እናቴ የመግቢያውን ብር ቆጥራ ሰጠች። ልጅቷ ቆጠረችና "እማማ፣ የሁለት ሰው ነው የሰጡኝ" አለቻት።

"አዎ።"

ሁለተኛውን ስም ጻፈች። "እኚህኛዋ የት ብሎክ ናቸው?"

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ጎረቤቴ ናት" አለች።